የበላነውን ጨው ከሽንት መለካት፦ ለወሎ ቤትና ጤና ጣቢያ የሚሆን አሠራር

አንድን ሰው «በቀን ምን ያህል ጨው ይበላሉ?» ብላችሁ ብትጠይቁት ትክክለኛ መልስ አታገኙም። ሊደብቅ ፈልጎ ሳይሆን ራሱም ስለማያውቀው ነው። ወሎ ውስጥ ጨው ወደ ገበታ የሚመጣው በብዙ በር ነው፤ በርበሬው ከቅመሙ ጋር ሲዘጋጅ ይገባል፣ ሽሮው ከመፈጨቱ በፊት ይገባል፣ ወጡ ሊወጣ ሲል እንደገና ይጨመራል፣ በሶው ሲበጠበጥ ቆንጠር ይደረጋል፣ ቡናውን በጨው የሚጠጣም ቤት አለ። ከጨው ከረጢቱ የጎደለውን መዝኖ ለቤተሰቡ ቁጥር ማካፈልም ሩቅ አያስኬድም። ከዚያው ከረጢት ለከብት ይሰጣል፣ ጎረቤት ይበደራል፤ የበርበሬውና የሽሮው ጨው ደግሞ ከወራት በፊት የገባ ነው።

ሽንት ግን በየበሩ የገባውን ሁሉ አንድ ላይ ሰብስቦ ያሳያል። ሥራው ከባድ የሚሆነው ላቦራቶሪው ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ ነው። ማሽኑ በመቶ 2 ወይም 3 ቢሳሳት ብዙ አይጎዳም፤ ከዕቃው ውጭ የቀረች አንዲት ሽንት ግን ውጤቱን በመቶ 15 ልታጎድለው ትችላለች። ስለዚህ ከዚህ በታች ብዙውን ቦታ የያዘው አሰባሰቡ ነው።

ሽንት ስለየትኛው ማዕድን ይናገራል?

ከጨው ውስጥ የምንለካው ማዕድን ሶዲየም ነው። ከበላነው ሶዲየም 90 በመቶ የሚሆነው በሽንት ይወጣል፤ ቀሪው በላብና በሰገራ ይሄዳል። ፖታሲየም ላይ የሽንቱ ድርሻ ወደ 77 በመቶ ይወርዳል፣ አዮዲን ላይ ከ90 በመቶ በላይ ነው። እነዚህ ሦስቱ በልበ ሙሉነት የሚለኩ ናቸው። ማግኒዥየም ከተበላው አንድ ሦስተኛው ገደማ ብቻ ስለሚወጣ በቡድን ደረጃ ለማነጻጸር እንጂ የተበላውን መጠን ለመናገር አያስደፍርም።

ካልሲየም ያሳስታል። በሽንት የሚወጣው ከተበላው ትንሹ እጅ ነው፤ ከዚያም በላይ ጨው ይጎትተዋል። ሰው የሚያወጣው ሶዲየም በ100 ሚሊሞል (ላቦራቶሪ የሚጠቀምበት የመጠን መለኪያ ነው፤ አንድ ሚሊሞል ሶዲየም 23 ሚሊግራም ይሆናል) ሲጨምር ወደ 40 ሚሊግራም የሚጠጋ ካልሲየም ተከትሎት ይወጣል። ስለዚህ የሽንት ካልሲየም ከፍ ብሎ ስታዩ ሰውየው ወተት ጠጣ ከማለታችሁ በፊት ሶዲየሙን ተመልከቱ። ብረትና ዚንክ ደግሞ ከነጭራሹ አይጠየቁም። ጤፍ የቱንም ያህል ብረት ቢኖረው የሽንት ምርመራ ስለተበላው ብረት ምንም አይነግርም፤ ለዚያ የደም ምርመራ አለው።

ዕቃው

ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን 3 ሊትር የሚይዝ፣ አፉ ሰፊ የሆነ፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ያስፈልጋል። ብዙ ውሃ የሚጠጣ ሰው ሁለት ይያዝ። ከቤት ሲወጣ የሚይዘው አንድ ሊትር ባዶ ሃይላንድ፣ መሽኛ የሚሆን ጆግ (ለሴቶች ከጆግ ይልቅ ፖፖ የሚመቻቸው አሉ)፣ ከሰው ዓይን የሚሸፍን ጥቁር ፌስታል፣ እንዲሁም እስከ 5 ኪሎ የሚመዝንና ግራም የሚያሳይ የማዕድ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይጨመር።

የዘይት ጀሪካን አትጠቀሙ፤ ቅባቱ ከግድግዳው አይለቅም፣ ክዳኑም ያፈሳል። ዕቃን በኦሞ አጥቦ በደንብ ሳያለቀልቁ መስጠት ደግሞ ከዚህ የባሰ ጥፋት ነው። የልብስ ሳሙና ዱቄት ውስጥ ያለው አብዛኛው ነገር የሶዲየም ውህድ ነው፤ በረኪናም ራሱ የሶዲየም ውህድ ነው። ዕቃውን ካጠባችሁት ሦስት ጊዜ በንጹህ ውሃ፣ ከተገኘም መጨረሻ ላይ በተጣራ የላቦራቶሪ ውሃ አለቅልቃችሁ ደፍታችሁ አድርቁት።

ባዶ ዕቃውን ከነክዳኑ መዝናችሁ ክብደቱን በማይለቅ ማርከር ጎኑ ላይ ጻፉ። ይህን የረሳ ሰው ኋላ ላይ ሽንቱን ስንት ሊትር እንደሆነ ለማወቅ በሲሊንደር እየቀዳ ሲለካና ሲያፈስ ይውላል።

ቀኑን መምረጥ

የተለመደውን አመጋገብ ለማወቅ ከሆነ ያልተለመደ ቀን አይመረጥም። የአረፋ፣ የመውሊድ ወይም የፋሲካ ሰሞን ገበታ የዓመቱን ገበታ አይወክልም። ረመዳን ውስጥ ምግቡና ውሃው ወደ ሌሊት ስለሚዞር የሽንቱ መጠንና ጊዜ አብሮ ይቀየራል፤ ጥናቱ ስለረመዳን ካልሆነ ወሩ እስኪያልፍ ጠብቁ። ሁዳዴም እንዲሁ ነው። በረቡዕና በዓርብ ጾም ግን አትሽሹ፤ የሳምንቱ አካል ናቸውና ቀኖቹን በሰዎቹ መካከል አከፋፍሏቸው።

ቆላው ሌላ ጉዳይ አለው። ባቲ፣ ቆቦ ወይም ከሚሴ አካባቢ በሙቀት ወራት እርሻ ላይ የሚውል ሰው ሶዲየሙ በላብ ስለሚወጣ ሽንቱ የበላውን አሳንሶ ይናገራል። እንደ ደሴ ባለው ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነ ቀዝቃዛ አገር ይህ ያን ያህል አያስቸግርም። ደጋና ቆላን ማነጻጸር ከፈለጋችሁ በቀዝቃዛው ወቅት ብታደርጉት ይሻላል፤ አለዚያ ያገኛችሁት ልዩነት የጨው ይሁን የላብ አይለይም።

በዚያ ቀን ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም ትኩሳት ያለበት ሰው አይሳተፍ። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት እስኪያልፍላት ትቆይ። የኩላሊት ወይም የልብ ድካም ያለበትን፣ እንደ ላሲክስ ያለ የሚያሸና መድኃኒት በቅርብ ሳምንታት የጀመረውንም ተዉት፤ ሽንቱ ከምግቡ የመጣውን ብቻ ሳይሆን ሰውነቱ የለቀቀውንም ይጨምራል። ለመለኪያ ሲባል ግን ማንም ሰው መድኃኒቱን አያቋርጥ።

የ24 ሰዓቱ አሰባሰብ

ደንቡ አጭር ነው። የመጀመሪያው ጠዋት ሽንት ይደፋል፣ የሁለተኛው ጠዋት ሽንት ይያዛል፣ በመካከል ያለው ሁሉ ይያዛል። የመጀመሪያው የሚደፋው ትናንት ማታ ከተበላው የተሠራ ስለሆነ ነው፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው ፊኛው ባዶ ከሆነበት ቅጽበት ነው።

ይህን አብዛኛው ሰው ይገለብጠዋል፤ የመጀመሪያውን ይዞ የመጨረሻውን ይደፋል፣ ወይም ሁለቱንም ይይዛል። ሁለቱንም የያዘ ሰው የሁለት ሌሊት ሽንት በአንድ ቀን አስቆጠረ ማለት ነው። ስለዚህ ለእናት ስታስረዱ እንዲህ ብላችሁ፣ መልሰውም እንዲነግሯችሁ ጠይቁ፦

«እትዬ፣ ነገ ጠዋት ሲነሱ የመጀመሪያዋን እንደወትሮዎ ሽንት ቤት ይሽኗት፤ እሷ አትያዝም። ሰዓቷን ግን ልጅዎ ይጻፍልዎ። ከእሷ በኋላ ያለው የቀኑም የሌሊቱም እዚህ ዕቃ ውስጥ ይገባል። ከነገ ወዲያ ጠዋት ሲነሱ የምትመጣዋም ትገባና እዚያ ላይ ያበቃል።»

«ለምን ይሆን ሁሉን የምትሰበስቡት? ትንሽ አይበቃም?» ቢሉ፦ «አብሽሩ፣ ሌላ ነገር አንመረምርበትም። ከምሳ በኋላ ያለው ጨው ይበዛበታል፣ የሌሊቱ ይለያል። አንዷ ብትቀር የቀሩት ይዋሻሉ።»

ሽንት በብዛት የሚጠፋው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው ሰገራ ሲወጡ ነው፤ አብሮ የሚወጣው ሽንት ጉድጓድ ይገባል። መፍትሔው ቀድሞ ጆጉ ላይ መሽናት፣ ከዚያ መቀመጥ ነው። ይህን ለይታችሁ ካልተናገራችሁ ማንም አያስበውም። ሁለተኛው ገበያ ነው፤ ሰኞ ባቲ ገበያ የምትውል ሴት ዕቃ ይዛ አትሄድም፤ ለእሷ ቀኑን ማክሰኞ አድርጉላት። ሦስተኛው ሌሊት ነው፤ ጆጉና ዕቃው ከአልጋው አጠገብ ካልሆነ በጨለማ ማንም አይፈልገውም።

ከሽንት በኋላ በውሃ መታጠብ ልማድ በሆነበት ቤት ውሃው ወደ ጆጉ እንዳይገባ መጀመሪያ ጆጉን ገለል አድርጎ ከዚያ መታጠብ ነው። ቢሆንም እዚህ ላይ አትጨነቁ። ጥቂት ውሃ ቢገባ በ24 ሰዓቱ ዕቃ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ሶዲየም አይቀየርም፤ ሽንቱ ቢቀጥንም መጠኑ ስለሚጨምር ሲባዛ እዚያው ይመጣል። የሚያጠፋው የፈሰሰው ነው። ነጠላ ናሙና ላይ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ሽንት ብቻ፣ ለሚሠራ የአዮዲን ምርመራ ግን የገባው ውሃ ውጤቱን ያበላሸዋል። ለሰላት ንጽሕና የሚጠነቀቁ ሰዎች ልብሳቸው ላይ እንዳይረጭ ስለሚሰጉ ክዳኑ የማያፈስ መሆኑን በፊታቸው ውሃ ሞልታችሁ ገልብጣችሁ አሳዩዋቸው፤ ያን ጊዜ ልባቸው ያርፋል።

ዕቃው ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ሶዲየምና ፖታሲየም በሙቀት አይበላሹም፤ ክሪያቲኒንን (ሽንቱ ሙሉ መሆኑን ኋላ ላይ የምናጣራበት፣ ከጡንቻ የሚመጣ ነገር) ግን ባክቴሪያ ያፈርሰዋል። ፍሪጅ በሌለበት ቤት ዕቃውን እርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ንፋስ በሚያገኝበት ጥላ ማኖር ይበቃል። ካልሲየምና ማግኒዥየም የምትለኩ ከሆነ ሽንቱ ደለል እንዳይጥል አሲድ ያስፈልገዋል፤ ይህን ግን በሰው ቤት አታድርጉት። ዕቃው ላቦራቶሪ ከደረሰ በኋላ፣ በባለሙያ እጅ፣ በደንብ ተናውጦ ከተቀዳው ናሙና ላይ ይደረግ።

አንድ ሽንት ያመለጠ ከሆነ ሰውየው እንዲነግራችሁ የሚያስችል ፊት አሳዩ። ቅጹ ላይ «ያመለጠ አለ? ስንት ጊዜ? ብዙ ነው ትንሽ?» የሚል ጥያቄ ይኑር። የተቆጣ ሰው ፊት ማንም አይናዘዝም፤ ያልተነገረ ጉድለት ደግሞ ኋላ ላይ የጨው ማነስ መስሎ ይመጣል።

መዝኖ መቅዳት

ዕቃው ሲመለስ ከነሽንቱ መዝኑና የባዶውን ክብደት ቀንሱ። የሽንት እፍጋት ከውሃ ትንሽ ስለሚበልጥ ግራሙን በ1.01 ብታካፍሉት ሚሊሊትሩን ታገኛላችሁ። ከዚያ ክዳኑን አጥብቃችሁ 20 ጊዜ ያህል ቀስ ብላችሁ ገልብጡት፤ ከታች የረጋው ጠቅላላው ጋር እስኪዋሃድ ድረስ። ሳያናውጡ ከላይ የቀዱት ናሙና የሙሉውን ቀን አይወክልም። ሁለት ወይም ሦስት ባለ 5 ሚሊሊትር ቱቦ ሞልታችሁ አንዱን ላኩ፣ ሌላውን አቀዝቅዛችሁ አስቀምጡ፤ ውጤቱ ጥርጣሬ ሲያሳድር የምትመለሱበት እሱ ነው።

ላቦራቶሪው ኤሌክትሮላይት (ሶዲየምና ፖታሲየም) የሚለካው በኤሌክትሮድ ማሽን ከሆነ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ማሽኑ የሽንት አሠራር አለው ወይ? የደም ፖታሲየም ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል በሊትር ሲሆን የሽንት ፖታሲየም ግን ብዙ ጊዜ ከ20 በላይ ነው፣ 100ም ይደርሳል። በደም አሠራር የተለካ ሽንት ከማሽኑ ልክ ስለሚወጣ ወይ ስህተት ይላል ወይ የማይታመን ቁጥር ይሰጣል። የሽንት አሠራር ከሌለው ናሙናውን በተጣራ ውሃ አቅጥኖ ለክቶ መልሶ ማባዛት ያስፈልጋል።

ስሌቱ

አንዲት 58 ኪሎ የምትመዝን ሴት እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ የቀረቡ ናቸው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምራ በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ጨረሰች፤ ይህ 23.5 ሰዓት ነው። መጠኑ 1.45 ሊትር ሆነ። መጀመሪያ ወደ 24 ሰዓት ይስተካከል፦ 1.45 × 24 ÷ 23.5 = 1.48 ሊትር። ከ20 ሰዓት በታች የሰበሰበ ሰው ግን አይስተካከልም፣ ይደገም።

ሶዲየሙ 105 ሚሊሞል በሊትር ከሆነ፦ 1.48 × 105 = 155 ሚሊሞል በቀን። በ23 ስናባዛው 3,570 ሚሊግራም አካባቢ ይሆናል። ይህ የወጣው ነው። የተበላውን ለማግኘት በ0.9 እናካፍል፦ 3,970 ሚሊግራም። ወደ ገበታ ጨው ለመቀየር በ2.54 ስናባዛ 10 ግራም ገደማ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ጨው፣ ማለትም ከ2,000 ሚሊግራም በታች ሶዲየም ነው። ስለዚህ ይህች ሴት እጥፉን ትበላለች። በችኮላ ለመገመት፣ 17 ሚሊሞል ሶዲየም አንድ ግራም ጨው ነው ብላችሁ ያዙ።

ፖታሲየሙ 28 ሚሊሞል በሊትር ከሆነ፦ 1.48 × 28 = 41 ሚሊሞል፤ በ39.1 ሲባዛ 1,620፣ በ0.77 ሲካፈል 2,100 ሚሊግራም ገደማ። ምክሩ ቢያንስ 3,510 ነው። ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ድንችና ጎመን የሚበዛበት ገበታ ይህን ቁጥር ከፍ ያደርገዋል። የሁለቱ ንጽጽር ራሱን የቻለ መረጃ ነው። ሶዲየሙ ለፖታሲየሙ ሲካፈል (155 ÷ 41) ወደ 3.8 ይመጣል። ሁለቱን ምክሮች ያሟላ ሰው ወደ 1 ይጠጋ ነበር። ይህ ንጽጽር ሽንት ቢያመልጥም ብዙ አይዛባም፤ ላይም ታችም ያለው ቁጥር አብሮ ይቀንሳልና።

ሙሉ ነው ወይስ ጎድሏል?

ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚመጣ ስለሆነ በአንድ ሰው ላይ ከቀን ቀን ብዙም አይለዋወጥም። በዚህች ሴት ሽንት 62 ሚሊግራም በዴሲሊትር ከተገኘ በሊትር 620 ነው፤ በ1.48 ሲባዛ 918 ሚሊግራም በቀን። ለ58 ኪሎ ሲካፈል ወደ 16 ሚሊግራም በኪሎ ይሆናል። ለሴት በኪሎ ከ15 እስከ 20፣ ለወንድ ከ20 እስከ 25 የተለመደው ልክ ስለሆነ ተቀባይነት አለው። ሌላው ማጣሪያ የቀኑን ክሪያቲኒን 21 በኪሎ ተባዝቶ ለሚመጣው (21 × 58 = 1,218) ማካፈል ነው፤ 918 ÷ 1,218 = 0.75። ከ0.7 በታች ከወረደ ጎድሏል ተብሎ ይጠረጠራል።

«ይጠረጠራል» ያልነው አስበንበት ነው። ይህ ልክ የወጣው በደንብ ከበላና ጡንቻው ከሞላ ሕዝብ ነው። ሽማግሌ፣ በድርቅ ዓመት የከሳ ሰው፣ ሥጋ ከስንት አንዴ የሚቀምስ ሰው ሁሉንም ሽንት በታማኝነት ሰብስቦ ከ0.7 በታች ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ውጤት በቁጥሩ ብቻ አትጣሉት፤ ቅጹን፣ ሰዓቱን፣ ያመለጠ እንዳለ የተናገረውን አብራችሁ እዩ። ከ500 ሚሊሊትር በታች የሆነ የአንድ ቀን ሽንት ግን ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው።

አንድ ቀን ስለ አንድ ሰው ብዙ አይናገርም። ትናንት ቋንጣ ፍርፍር የበላ ሰው ዛሬ ሌላ ሰው ይመስላል። የአንድን ሰው ልማድ ለማወቅ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ቀናት ያስፈልጋሉ፣ ቢበዙም ይመረጣል። ለሕዝብ አማካይ ግን ከእያንዳንዱ ሰው አንድ ቀን ይበቃል፤ የአንዱ ከፍታ በሌላው ዝቅታ ይካካሳል። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመው፣ ጨውንና የደም ግፊትን የመረመረው የኢንተርሶልት ጥናት 52 ማዕከላትንና ከ10,000 በላይ ሰዎችን ያነጻጸረው በዚሁ በ24 ሰዓት ሽንት ነበር።

ነጠላ ሽንት ብቻ ሲኖር

24 ሰዓት መሰብሰብ የማይቻልበት ቦታ አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የስቴፕስ ዳሰሳም (ተላላፊ ላልሆኑ በሽታዎች የሚያጋልጡ ነገሮችን የሚያጠናው) ነጠላ ሽንት ይጠቀማል። ከነጠላ ሽንት የቀኑን ሶዲየም ለመገመት ብዙ ቀመሮች አሉ፤ ከታወቁት አንዱ ጃፓን ውስጥ የተሠራው የታናካ ቀመር ነው። በሁለት እርምጃ ይሠራል።

መጀመሪያ የሚጠበቀው የቀን ክሪያቲኒን፦ 14.89 × ኪሎ + 16.14 × ቁመት በሴንቲሜትር − 2.04 × ዕድሜ − 2,244.45። ሴቲቱ 158 ሴንቲሜትርና 34 ዓመት ከሆነች 1,100 ሚሊግራም ይመጣል። ቀጥሎ የነጠላው ሽንት ሶዲየም (120 ሚሊሞል በሊትር እንበል) ለክሪያቲኒኑ አሥር እጥፍ (95 ሚሊግራም በዴሲሊትር ቢሆን 95 × 10) ይካፈልና በ1,100 ይባዛል፤ 139 ይሆናል። ይህ በ0.392 ኃይል ይነሳና (139^0.392) በ21.98 ይባዛል፤ 152 ሚሊሞል በቀን።

ቀመሩ የት እንደሚያነክስ በዚሁ ስሌት ይታያል። የነጠላውን ሽንት ሶዲየም ከ120 ወደ 240 እጥፍ ብታደርጉት ውጤቱ እጥፍ አይሆንም፤ ከ152 ወደ 200 ብቻ ይወጣል። በግማሽ ብትቀንሱት ወደ 116 ብቻ ይወርዳል። 0.392 የምትባለው ቁጥር ሁሉንም ወደ መሃል ትጨምቃለች። ስለዚህ ጨው የሚያበዛው ሰው ያነሰ፣ የሚቆጥበው የበዛ ይመስላል። ሌላም አለ፤ በዕቃው የተለካው ክሪያቲኒን 918 ሲሆን ቀመሩ 1,100 ብሎ ገመተ። የሰዉ የሰውነት ቅርጽ ቀመሩ ከተሠራበት ሕዝብ በሚለይበት አገር ይህ የሚጠበቅ ነው። ነጠላ ሽንትን ለሕዝብ አማካይ ተጠቀሙበት፤ ለአንድ የደም ግፊት ታማሚ «ይህን ያህል ጨው ትበላለህ» ለማለት ግን አትጠቀሙበት።

አዮዲን፦ እዚህ ነጠላው ይበቃል

ተራራ በበዛበት አገር አፈሩ በዝናብ ስለሚታጠብ አዮዲን ያንሰዋል፤ የእንቅርት ነገር በደጋ አገር የሚበዛው በዚሁ ነው። መከላከያው አዮዲን የተጨመረበት ጨው ነው። ጨው ማብዛት ግን መከላከያ አይደለም፤ 5 ግራም ውስጥም በቂ አዮዲን ማስገባት ይቻላል። በኪሎ 30 ሚሊግራም አዮዲን ያለው ጨው በ5 ግራም 150 ማይክሮግራም ይሰጣል፤ ለአዋቂ የሚመከረው የቀን መጠን ይኸው ነው።

ለአዮዲን ከትምህርት ቤት ልጆች ነጠላ ሽንት ይወሰድና ውጤቶቹ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው ቁጥር (መሃለኛው) ይታያል፣ አማካዩ አይደለም። ሰባት ልጆች 62፣ 88፣ 94፣ 110፣ 131፣ 158፣ 940 ማይክሮግራም በሊትር ቢያመጡ አማካዩ 226 ነው፤ ከሚፈለገው በላይ የሆነ ያስመስለዋል። መሃለኛው ግን 110 ነው። ለልጆች ከ100 እስከ 199 በቂ፣ ከ100 በታች ማነስ፣ 300ና ከዚያ በላይ ብዛት ይባላል። ለነፍሰ ጡር በቂ የሚባለው ከ150 እስከ 249 ነው። ለአንድ አካባቢ ወደ 125 ናሙና ከተገኘ ግምቱ ይታመናል፤ ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ ግን አሥር ያህል የተለያየ ቀን ናሙና ያስፈልጋል።

ያ 940 ከየት መጣ? ምናልባት ከጨው ቅንጣት። ከዚያው ጨው መቶኛ ግራም፣ ማለትም በጣት ጫፍ የሚቀር ጥቂት ብናኝ፣ 0.3 ማይክሮግራም አዮዲን ይዟል። በ5 ሚሊሊትር ቱቦ ውስጥ ከገባ 60 ማይክሮግራም በሊትር ይጨምራል። አንድ አሥረኛ ግራም ከገባ 600 ይጨምራል። ስለዚህ ናሙና የሚቀዳው ሰው የትምህርት ቤቱ ምግብ በሚዘጋጅበት ክፍል አይቁም፣ ቆሎና ጨው በነካ እጅ ክዳን አይክፈት። ቁስሉ አዮዲን ባለበት ቤታዲን የታጠበለት ልጅም ለዚያ ሰሞን ይለፍ።

የአንድን አዋቂ የቀን አዮዲን በግምት ለማስላት፦ የሽንቱ አዮዲን × 0.0235 × ኪሎ። 85 ማይክሮግራም በሊትር ያለው 55 ኪሎ ሰው 110 ማይክሮግራም ገደማ በልቷል ማለት ነው። 0.0235 የመጣው ሰው በኪሎ በሰዓት 0.9 ሚሊሊትር ይሸናል፣ ከበላው አዮዲን 92 በመቶው በሽንት ይወጣል ከሚል ግምት ነው። ውሃ የሚያበዛ ሰው ሽንቱ ስለሚቀጥን በዚህ ቀመር ከበላው አንሶ ይወጣል።

ውጤቱን ሲነግሩና ሲደግሙ

ለባለቤቱ ሚሊሞል አትንገሩት። የተለሰነ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ከ5 እስከ 6 ግራም ይሆናል፤ «ሁለት ማንኪያ ገደማ ነው፣ የሚመከረው ከአንድ በታች ነው» በሉት። ከየትኛው በር መቀነስ እንደሚቻል ከምታበስለው ሴት ጋር ተነጋገሩ፤ ለብቻ ባሏን መምከር ወጡን አይቀይረውም።

ቀንሰው ከሆነ ሁለተኛውን መለኪያ በዚያው ሳምንት አታድርጉ። ሰውነት ከአዲስ የጨው መጠን ጋር እስኪለማመድ ጥቂት ቀናት ይወስድበታል። ከዚያም በላይ ደግሞ ሴቲቱ ወጡ ላይ ጨው ብትቀንስም ጓዳዋ ያለው በርበሬና ሽሮ በድሮው ልክ ጨው የገባበት ነው። እሱ እስኪያልቅና አዲሱ እስኪዘጋጅ ድረስ ሽንቷ ከድካሟ ያነሰ ለውጥ ያሳያል። ስለዚህ ቅጹ ላይ በርበሬው የተዘጋጀበትን ወር ጻፉ፤ ሁለተኛው ቀጠሮም ቀጣዩ በርበሬ ተፈጭቶ ከገባ በኋላ፣ በዚያው ወቅት፣ በዚያው ሚዛንና በዚያው ላቦራቶሪ ይሁን።